ወደ ራስ ደጀን፤ የአንድ ጉዞ መነሻ ታሪክ

በስድስተኛው ምዕተ ዓመት፣ በ525 አካባቢ፣ ኮስማስ የተባለ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ በአዱሊስ ከተማ አንድ የእምነ በረድ ዙፋን አይቶ በላዩ የተቀረጸውን ጽሑፍ ገለበጠ። ጽሑፉ ስሙ ያልተገለጸ የአክሱም ንጉሥ ያደረጋቸውን ዘመቻዎች የሚዘረዝር ሲሆን፣ ከተጠቀሱት ሕዝቦች መካከል የሰሜን ሰዎች ይገኙበታል። ንጉሡ እነዚህን ሰዎች ያገኛቸው ከዓባይ ማዶ፣ ውርጭና በረዶ በማይለያቸው፣ የሰው እግር እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምባቸው አስቸጋሪ ተራሮች ላይ መሆኑን ይናገራል። ዓባይ የተባለው ተከዜ እንደሆነ የታሪክ ሊቃውንት ያምናሉ። ስለ በረዶው ጥልቀት የሚጠራጠር ይኖር ይሆናል፤ ንጉሥ ድሉን ሲያስቀርጽ ብርዱንም ማግነኑ አይቀርምና። የጉዞው አቅጣጫ ግን አያጠራጥርም። ሠራዊቱ የተከዜን በረሃ ተሻግሮ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ውርጭ፣ እየሰፈረ እየተነሣ በእግሩ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ ዘመን ወዲህ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ወደ ሰሜን ተራሮች የወጣ ሰው ሁሉ፣ መነኩሴም ሆነ ወታደር፣ ነጋዴም ሆነ አገር ጎብኚ፣ መነሻው ዝቅተኛ ስፍራ ነበር። ዛሬ ግን መነሻው ራሱ ተራራው ላይ ወጥቷል። ይህን ያደረገው መንገድ ነው፤ መንገዱንም የሠራው የመሐንዲስ እጅ ነው። የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስለ ጫፉ ቢሆንም፣ የሰሜን ታሪክ የሚያሳየው ዕቅዱን የሚወስነው የመነሻው ከፍታ መሆኑን ነው።

የቀድሞው ዋና መተላለፊያ ሊማሊሞ ነበር። ከምፅዋ ተነሥቶ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣው በዚህ ገደል ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ወደ ጎንደር ሲገባ ያለፈው በዚሁ በኩል ነበር። ብሩስ የተራሮቹን ግርማ ከሩቅ ተመልክቶ መንገዱን ቀጠለ። ወደ ውስጥ ዘልቆ የገባው የፍራንክፈርቱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ እርሱም በ1832 ሰሜንን አቋርጦ ያገኘውን ዋልያ በ1835 ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። የዋልያ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ ድረስ ከነአማርኛው የቀረው በዚህ ሰው ምክንያት ነው።

እነዚህ መንገደኞች ያገኙት አገር ባዶ ተራራ አልነበረም። ቅዱስ ያሬድ በስተርጅናው ወደ ሰሜን ገብቶ መሰወሩን ትውፊት ይናገራል፤ ከከፍተኛዎቹ ጫፎች አንዱም በስሙ ይጠራል። ደጃዝማች ውቤ ሰሜንንና ትግራይን የገዙት ከእነዚህ ተራሮች ተነሥተው ሲሆን፣ በጃናሞራ ያሠሯት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1855 መጀመሪያ ላይ ድል ያደረጓቸው የደጃዝማች ካሳ፣ የኋላው የዐፄ ቴዎድሮስ፣ መንገሻ ሆናለች። ያን ጊዜ ለሠራዊቱ የሚጫነው ስንቅ፣ ለነጋሹ የሚወጣው ዕቃ ሁሉ የተጓዘው በበቅሎና በሰው ትከሻ ነበር። የገብስ አዝመራ፣ የበግ ግጦሽና የሰንበት ገበያ ያወጧቸው የእግር መንገዶች ዛሬም የጎብኚው መንገዶች ናቸው። በካርታ ላይ የተጣፉት የኋላ ኋላ ነው።

የራስ ደጀንን ጫፍ መውጣታቸው በጽሑፍ የታወቀላቸው የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የጦር መኮንኖች ናቸው። ዓመቱ 1841 ነው። ከእነርሱ በፊት እረኛ አልወጣውም ማለት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከጫፉ ብዙ ሳይርቅ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ ይታያልና። የመኮንኖቹ አወጣጥ ታሪካዊነት ተራራውን ወደ ቁጥር ዓለም ማስገባቱ ላይ ነው።

በዚያ ዘመን የተራራ ከፍታ የሚለካው በአየር ግፊት ነበር። መሣሪያው ቢበላሽ እንኳ የሚፈላ ውኃ ሙቀት ተለክቶ ግፊቱ ይሰላ ነበር። ይህ ዘዴ ምን ያህል ስሕተት ሊያስከትል እንደሚችል ማንኛውም የሙያ ባልደረባ በወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል። በራስ ደጀን ጫፍ ላይ የአየር ግፊት ወደ 435 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። እዚያ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር የንባብ ልዩነት 18 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ያመጣል። ከዚህም በላይ ከባሕር ወለል እስከ ጫፉ ያለው አየር አማካይ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ብቻ ተሳስቶ ቢገመት፣ ውጤቱ በ16 ሜትር ይዛነፋል። አምስት ዲግሪ መሳሳት በቆላና በውርጭ መካከል ለሚጓዝ ሰው ምንም አይደለም፤ ከፍታው ግን 80 ሜትር ያህል ይለወጣል።

ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ሲጻፍ የኖረው 4,620 ሜትር ዝቅ ማለቱ ሊያስደንቅ አይገባም። ከአየር በተነሡ ፎቶግራፎች በተዘጋጁት ካርታዎችና በኋላም በሳተላይት በተደረጉት ልኬቶች 4,533 የሚል ቁጥርም 4,550 የሚል ቁጥርም ተገኝቷል። ተራራው ሰባ ሰማንያ ሜትር ቢያጣም ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የበላይ መሆኑ አልተነካም። በቁጥሩ መውረድ ቅር የሚሰኝ ሰው መቼም አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለተጓዥ ጉልበት የ80 ሜትሩ ጉዳይ እጅግ ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቁ ጉዳይ ወደ ኋላ ይመጣል።

በመነሻው ላይ የመጀመሪያውን ለውጥ ያመጣው የጎንደርና የአስመራ መኪና መንገድ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በወልቀፊት በኩል ገደሉን እየሸነሸኑ ያወጡት ይህ መንገድ፣ የሊማሊሞን የሲራራ አቀበት በጥቂት ሰዓት የሚዘለቅ አደረገው። የወልቀፊት ምሽግ በ1941 መስከረም ላይ እጁን ሲሰጥ መንገዱ ለአገሩ ቀረ፤ በደጋው አፋፍ ያለችው ደባርቅም የተራራው በር ሆነች። ከቆላ አዲ አርቃይ ወይም ከተከዜ መነሣት ቀረና ጉዞው 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለች ከተማ ይጀመር ጀመር።

ይህ ለውጥ ለተጓዡ በጎ ነበር፤ ምክንያቱም ደባርቅ ለጉዞ መነሻ እንድትሆን ታስቦ የተመረጠች እስክትመስል ድረስ ከፍታዋ የተመጠነ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲ. ደብልዩ. ኒኮል የመጀመሪያው የፓርኩ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1969 ብሔራዊ ፓርኩ በሕግ ሲቋቋም፣ በ1978ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች እንደ አንዱ ሲመዘገብ፣ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ከደባርቅ በቅሎ ተከራይቶ በእግሩ ይሄድ ነበር። የመጀመሪያው ማደሪያ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ሁለተኛው ግጭ 3,600 ሜትር፣ ሦስተኛው ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የሕክምና ሰዎች ከ3,000 ሜትር በላይ የሚተኙበት ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመክራሉ። የበቅሎ ጫኞቹ መንገድ 400፣ ከዚያ 350፣ ከዚያ 20 ሜትር ብቻ ይጨምራል። ይህን ማንም አልቀመረውም፤ ውኃ፣ ግጦሽና የበቅሎ ጉልበት ማደሪያዎቹን ወስነዋቸው የሰውን ሳንባ ሳያስቡት ጠቀሙት።

የበርን ዩኒቨርሲቲ የመልክዐ ምድር ሊቃውንት በዚያው በ1970ዎቹ በተራሮቹ ላይ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። በ1978 የታተሙት ባለ 1፡25,000 ካርታዎች የአፋፉን ገደሎች፣ የእርሻ ማሳዎቹንና መንገዶቹን በዝርዝር ያሳያሉ። የካርታ ሥራ ጓጉቶ ያልጨረሰ ሰው ቢኖር፣ አንድ ሺህ ሜትር በሚደርስ ቀጥ ያለ ገደል ላይ የከፍታ መስመሮችን ለይቶ መሣል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ዝግጅት ከተጠናቀቀ በኋላ ግን የ1980ዎቹ ጦርነት አካባቢውን ዘጋውና ተራራው ለጎብኚ የተከፈተው ዳግመኛ ከ1991 በኋላ ነው።

ሁለተኛውና የበለጠ ከባድ ለውጥ የመጣው ከደባርቅ ተነሥቶ ፓርኩን እያቋረጠ በቧሂት በር በኩል ወደ ጃናሞራ የሚሻገረው መኪና መንገድ ሲሠራ ነው። የጃናሞራ ሕዝብ ወላዷን በቃሬዛ ተሸክሞ ቀናት ይጓዝ ለነበረ ሕዝብ እንደመሆኑ፣ መንገድ አያስፈልገውም የሚል ድፍረት ያለው ሰው አይኖርም። ሆኖም መንገዱ የዋልያውን መኖሪያ ለሁለት የሚከፍል በመሆኑ፣ ቅርሱ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከዚያ መዝገብ የወጣው ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ተጓዡ ዛሬ በግጭ ሲያድር የሚያየው ጸጥታ በከፊል የእነዚያ ሰዎች አለመኖር ነው። ከተራራው ጥበቃ የተገኘው ጥቅም ላይ ይህ ዋጋ ሳይቆጠር እንዳይታለፍ ያስፈልጋል።

ለጉዞ ዕቅድ ግን የመንገዱ ውጤት ይህ ነው። ከጎንደር በጧት የተነሣ መኪና ከቀትር በኋላ ጨነቅ ይደርሳል። ጎንደር 2,100 ሜትር ያህል ነው፤ ጨነቅ 3,620። የመጀመሪያው ሌሊት ጭማሪ ከ1,500 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ይኸውም ከተመከረው ሦስት እጥፍ ነው። የባሕር ወለል አየር መቶ ቢባል ጎንደር ላይ 78፣ ጨነቅ ላይ 64፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ 57 ያህል ይቀራል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከባሕር ጠረፍ ከሚመጣው ይልቅ የተሻለ አቅም ይኖረዋል፤ ይህ ግን እንዳይኮራ እንጂ እንዲኮራ የሚያደርግ አይደለም።

ጨነቅ ጭር ያለ ስፍራ ነው። የጭላዳ መንጋ አፋፉ ላይ ሣር ሲነጭ፣ ጅብራው እንደ ተተከለ ምሰሶ ቆሞ፣ ቁራ ከድንኳኑ ላይ ሲያንዣብብ፣ ከገደሉ ሥር የቆላው ተራሮች በጭጋግ ውስጥ ይታያሉ። ከመኪና የወረደ ሰው ይህን ሁሉ ሲመለከት ከድካም ነጻ ስለሆነ ጤነኛ ነኝ ብሎ ያምናል። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ነው። በካርታው ላይ ያለው ሒሳብም ያታልላል፦ ጫፉ 4,550፣ ጨነቅ 3,620፣ ልዩነቱ 930 ሜትር። አንድ ጠንካራ የግማሽ ቀን አቀበት ይመስላል።

መሬቱ ግን እንዲህ አይደለም። ከጨነቅ ወደ ቧሂት በር 4,200 ሜትር ድረስ 580 ሜትር ይወጣል። ከበሩ ማዶ መንገዱ በተቆራረጡ የገብስ ማሳዎች መካከል እየተጠማዘዘ እስከ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ይህም 1,400 ሜትር ነው። ወንዙን ተሻግሮ 400 ሜትር ወደ አምቢቆ ወጥቶ ይታደራል። በማግስቱ ከአምቢቆ 3,200 ሜትር ተነሥቶ 1,350 ሜትር ወጥቶ ጫፉን አይቶ እዚያው ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን እንደገና ወደ መሸሃ ይወርድና ያን 1,400 ሜትር ወደ በሩ ይወጣል። የሦስቱ ቀን አቀበት ሲደመር 3,730 ሜትር ይሆናል፤ ካርታው ካሳየው ልዩነት አራት እጥፍ ማለት ነው። የመንገድ መሐንዲስ የቁመት ሥዕል ሳይሠራ የአፈር ሥራ ዋጋ እንደማይገምት ሁሉ፣ ይህን ሥዕል ያልሣለ ሰው የስንቁን መጠን ሊገምት አይችልም።

ስኮትላንዳዊው ዊልያም ኔስሚዝ በ1892 ለእግር ተጓዦች አንድ ቀላል ሕግ አውጥቷል፤ ለአምስት ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሰዓት፣ ለ600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ከጨነቅ አምቢቆ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚህ ሕግ ከስድስት ሰዓት አይበልጥም። ኔስሚዝ ግን ሕጉን ያወጣው ትልቁ ተራራ 1,345 ሜትር በሆነበት አገር ነው። በቧሂት በር ላይ በሕጉ የሚጓዝ እንግዳ የለም፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት አስቦ ጎሕ ሲቀድ መነሣት ይበጃል። የአምቢቆ እረኛ በግማሹ ሰዓት ቢያልፈው እንግዳው ሊያፍር አይገባም።

ከሁሉ የሚከፋው የሸለቆው ጠባይ ነው። የከፍታ ሕመም ዋና መድኃኒቱ መውረድ እንደሆነ የታወቀ ነው። በሌሎች ተራሮች የታመመ ሰው ወደ መጣበት ይወርዳል። በዚህ ግን ቧሂትን ካለፉ በኋላ ወደ መኪናው የሚመልሰው መንገድ የሚያልፈው በ4,200 ሜትር በር ላይ ነው። በአምቢቆ ሌሊት ሳሉ የሚያንገዳግደው፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሹ የሚያጥረውና የሚያስለው ሰው ቢኖር፣ ሊወርድ የሚችለው እስከ መሸሃ ወንዝ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ መውጫው ሁሉ አቀበት ነው። በበቅሎ ተጭኖ እንኳ ቢሆን ወደ ታመመበት ከፍታ ተመልሶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ እንቀጥል ወይስ እንመለስ የሚለው ውሳኔ መሰጠት ያለበት በበሩ ላይ፣ መኪናው ገና ከኋላ፣ ቁልቁለቱ ገና ከፊት ሳለ ነው። በጨነቅ ሌሊት ራሱን ያመመው ሰው ከዚያ በሩን እንዳያልፍ መከልከል ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ በተለይ ለጉዞው ዓመት ሙሉ ገንዘብ ላጠራቀመ ሰው። ነገር ግን መከልከል አለበት።

ይህን አደጋ የሚያስቀረው አሮጌው መንገድ ነው። መኪናውን በደባርቅ አቁሞ፣ ወይም ጊዜ ካጠረ በሳንቃ በር ወርዶ፣ በእግር ወደ ግጭ መሄድ፤ በማግስቱ እሜት ጎጎን በ3,926 ሜትር ላይ አይቶ ወደ ጨነቅ መድረስ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይጨምራል። ቀኖቹ የሚባክኑ የሚመስሉት መንገዱን በሰዓት ለለካ ሰው ብቻ ነው። የደባርቅ በቅሎ አከራዮችም የሚኖሩት በእነዚህ ቀናት ነው፤ መኪና በቀጥታ ጨነቅ ባደረሰ ቁጥር ጫኙ የሁለት ቀን ኪራይ፣ መሪው የሁለት ቀን ደመወዝ ያጣል። ከፓርኩ የሚመደበው ባለ ጠመንጃ ጠባቂም ከደባርቅ ጀምሮ አብሮ ቢጓዝ የሰዎቹን አካሄድ አይቶ ማን እንደሚደክም አስቀድሞ ያውቃል።

የቀረው ዝግጅት አጭር ነው። ወቅቱ ክረምት ካለፈ በኋላ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ በክረምት መሸሃ ይሞላል፣ ጭጋጉም በጫፉ አካባቢ ያሉትን ተመሳሳይ ቋጥኞች አንዱን ከሌላው አያስለይም። ቀን ላይ ፀሐይ ፊት ታቃጥላለች፤ ሌሊት በድንኳን ያለ ውኃ ይረጋል። ጋቢ ብቻ ይበቃኛል ያለ ሰው የአገሬውን የበግ ለምድ ሲመኝ ያድራል። እንጨት ለቅሞ ማንደድ አይፈቀድም፤ በ2019 በጓሳውና በአስታው ላይ የተነሣው ቃጠሎ ለቀናት ሳይጠፋ ቆይቶ ሰማያዊ ርዳታ እስኪመስል ድረስ ሔሊኮፕተር ከውጭ አስመጥቷል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ስለ አካባቢው ሰላም አስተማማኝ ወሬ መጠየቅ ግድ ነው። በ2023 በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የትኛውም የጉዞ ዕቅድ ከጎንደርና ከደባርቅ ሰዎች ቃል ሳይሰማ እንዳይጻፍ አድርጓል።

ስንቅ ሲከፋፈል ብዙ ሰው ምርጡን ለጫፉ ቀን ያስቀምጣል። በሶውና ዳቦ ቆሎው፣ ስኳሩና ሻዩ በብዛት መቀመጥ ያለበት ግን ለሦስተኛው ቀን ነው። ጫፉ ታይቷል፣ ወሬው አልቋል፤ መሸሃ ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ቧሂት የሚያንጋጥጥ ሰው ገና 1,400 ሜትር ይቀረዋል፣ ፀሐይዋም በዚያ ሰዓት ከአቀበቱ ፊት ለፊት ናት።